ፓምፑ ሞተብኝ፤ ናሙናው ነገ ጠዋት መሄድ አለበት!

የፔዳዋ፦ እባካችሁ ላቦራቶሪ ውስጥ ያላችሁ ድረሱልኝ። የሮታቫፑ (ፈሳሹን በቫኪዩም አትንኖ የሚያስወጣው ማሽን) የውሃ ቫኪዩም ፓምፕ ሞተብኝ። ማኑዋሉ 0.098 ሜጋፓስካል ይስባል ይላል፣ የኔ ጌጅ 0.078 ላይ ደርሶ ንቅንቅ አይልም። ፍላስኩ ውስጥ ያለው የሳንባ ካንሰር መድኃኒቱ የጌፊቲኒብ ዘመድ የሆነ ኪናዞሊን የሚባል ውህድ ነው፤ ለሴል ምርመራ በጠዋቱ መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከቀትር ጀምሮ ሲሽከረከር ውሎ ቢጫ ሙጫ ሆኖ ቀረ። ፓምፕ የሚያውሰኝ ካለ አባይ ማዶም ቢሆን እመጣለሁ።

ግሪስ፦ ኦሪንጉን (የጎማ ቀለበቱን) ቀይሪ፣ መጋጠሚያውን ግሪስ ቀቢ። 90 በመቶ ችግሩ እሱ ነው።

ሽንብጥ፦ ጣናን የሚያህል ውሃ አጠገብሽ ተኝቶ የውሃ ፓምፕ ሞተብኝ ትያለሽ? 😂

ጋሽ ቤንዚን፦ ልጆች፣ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። አሟሚው ፈሳሽ (ሶልቨንት) ያልለቀቀው ናሙና ለሴል አይሰጥም። ግማሹ ክብደት አሟሚ ከሆነ ይህን ያህል ማይክሮሞላር ሰጠሁ ያልሽው ሁሉ ውሸት ነው፤ አይሲ50ውም (የሴሎቹን እድገት በግማሽ የሚገታው መጠን) አብሮ ይበላሻል። አሟሚው ዲኤምኤፍ (ዳይሜቲልፎርማማይድ) ከሆነ ደግሞ ጉበት የሚጎዳ ነገር ነው፣ ለመድኃኒት የተፈቀደው ቀሪ መጠን በሚሊዮን 880 ክፍል ብቻ ነው። በኛ ጊዜ ይህን ሳናውቅ ላቦራቶሪ አንገባም ነበር።

የፔዳዋ፦ አዎ ዲኤምኤፍ ነው። ባዙ (ፍላስኩን የሚያሞቀው ውሃ) 45 ዲግሪ ላይ ነው።

አንድ ተጓዥ፦ እስከ አሁን ኪናዞሊን ላይ? ጌፊቲኒብ በፈረንጆቹ 2003 አሜሪካ የተፈቀደ መድኃኒት ነው፤ ዕጢው ቲ790ኤም የሚባለውን ሚውቴሽን ካመጣ አይሠራም። ለዚያ ኦሲመርቲኒብ 2015 ወጥቷል። ሌላ ነገር ብትሞክሪስ?

የፔዳዋ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፍላስኬ ይድረቅልኝ፣ ከዚያ እንከራከራለን።

ግሪስ፦ ግሪሱን ቀባሽው?

ዘጌ በር፦ እህቴ፣ ፓምፕሽ ጤነኛ ነው፣ አትዋሺ። ጌጁ የሚያሳየው ከውጪው አየር ምን ያህል እንደቀነሰ ነው። 0.098 የተጻፈው በባሕር ወለል ላለ ሰው ነው። እኛ ባሕር ዳር 1800 ሜትር አካባቢ ነን፣ ከነጭራሹ ያለን አየር ግፊት 0.082 ቢሆን ነው፤ ጌጁ ከዚያ ሊያልፍ አይችልም። አንቺ 0.078 ደርሰሻል፣ ውስጥ የቀረው 0.004 ሜጋፓስካል፣ ማለትም 40 ሚሊባር አካባቢ ነው። የቀረው ጣጣ የፓምፑ ታንክ ውሃ ነው። የውሃ ፓምፕ ከራሱ ውሃ የእንፋሎት ግፊት በታች አይወርድም። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሃው ይሞቃል፤ 29 ዲግሪ ላይ ግፊቱ በትክክል ያንቺን 40 ያመጣል። እጅሽን ታንኩ ውስጥ ክተቺው፣ ለብ ይልሻል።

በዚያ ግፊት ዲኤምኤፍ የሚፈላው 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። 45 ላይ እንደ ኤቲል አሲቴት ያለ ቶሎ የሚተን አሟሚ ነው የሚሄደው፣ ዲኤምኤፍ ቁጭ ብሎ ያይሻል። ወይ ባዙን 75 አድርጊ፣ ወይ ታንኩ ውስጥ በረዶ ጨምሪ። ውሃው 10 ዲግሪ ከደረሰ 12 ሚሊባር ታገኛለሽ፣ ያኔ ባዝ 60 ይበቃል።

ሽንብጥ፦ በረዶ ከዓሣ ሻጮቹ። ሽታው ግን የቲሲስሽ አባሪ ይሆናል።

ኬሚስቷ፦ ዘጌ በር ልክ ነው። ግን እኔ ብሆን ሮታቫፑን እተወዋለሁ። ከ4-ክሎሮኪናዞሊንና ከአኒሊን ከሠራሽው የኤችሲኤል (ሃይድሮክሎሪክ አሲድ) ጨው ሆኖ ነው የተቀመጠው፣ ውሃ ላይ ስትደፊው ግማሹ ይሟሟል። ስለዚህ ሙጫውን በትንሽ ዲኤምኤፍ አቅጥነሽ፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት ያለበት በረዶ ውሃ ላይ እያማሰልሽ ጠብ ጠብ አድርጊው። ፒኤቹ 8 ሲደርስ ደለል ይሆናል፤ አጣርተሽ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመሽ እጠቢው። ካልደለለና ዘይት ከሆነ በኤቲል አሲቴት አውጪው፣ ዲኤምኤፉን በ5 በመቶ ሊቲየም ክሎራይድ ውሃ እጠቢ፣ በሶዲየም ሰልፌት አድርቂ። ከዚያ 45 ዲግሪሽ ይበቃል። የሞርፎሊን ጅራት (ከአሲድ ጋር ጨው የሚሠራ ቁራጭ) ያለው ከሆነ አሲድ እንዳታስነኪው፣ ወደ ውሃው ይገባብሻል።

ጋሽ ቤንዚን፦ ያልኩትን ነው ያለችው።

የፔዳዋ፦ ጅራቱ አለው! ባይካርቦኔቱን እየፈለግኩ ነው፣ እመለሳለሁ።

ግሪስ፦ ግሪስም ቢቀባ አይጎዳም።

ፋሲለደስ ሰፈር፦ ይቅርታ ርእስ ልቀላቅል፣ ጎንደር ነኝ፤ የኛ ፓምፕ 0.075 ላይ ቆሟል፣ አዲስ ይገዛልን ብለን ደብዳቤ ጽፈናል።

ዘጌ በር፦ ጎንደር ከኛም ከፍ ስለምትል ያ ጥሩ ነው። ደብዳቤውን መልሱት፣ ገንዘቡን ለዲዩቴሬትድ አሟሚ (ለኤንኤምአር ምርመራ የሚውለው) አዙሩት።