ዲስክ ሥራ ላይ መሆኑን ከከርነል ሞጁል እንዴት ላጣራ?

ገላን_ሰርቨር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ገላን መጋዘን ውስጥ ያለ ሰርቨር ነው፤ ኡቡንቱ 24.04፣ ከርነል 6.8። ማታ ማታ የባክአፕ ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ይተካል። ከመንቀሉ በፊት ዲስኩ ነፃ መሆኑን የሚያጣራ ትንሽ ሞጁል (የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ኮድ) እየጻፍኩ ነው። ዲስኩ ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንዳለ የሚይዘውን ቢዲ_ኦፕነርስ የሚባል ቆጣሪ አንብቦ 0 ከሆነ «ንቀሉ» እንዲል ነበር ሐሳቤ። ቁጥሩ ግን አንዴ 1፣ አንዴ 2 ይላል። ፊውዘር (ዲስኩን የያዙ ፕሮግራሞችን የሚያሳይ ትእዛዝ) ደግሞ ማንም አልያዘውም ሲል ዊፕኤፍኤስ (የፋይል ሲስተም ምልክት ከዲስክ የሚያጠፋ ትእዛዝ) «ዲስኩ ተይዟል» ብሎ እምቢ ይላል። የቱን ልመን?

ብሎክ_በብሎክ፦
ሁሉም ልክ ናቸው፤ የሚያዩት ነገር ነው የሚለያየው። ቆጣሪው መከፈቱን ብቻ ይቆጥራል፣ ማን ለምን እንደከፈተው አያውቅም። የሚዋዥቀው በዩዴቭ (ዲስኮችን በሚከታተለው የሊኑክስ አገልግሎት) ነው፦ አንድ ፕሮግራም ለመጻፍ ከፍቶት ሲዘጋ ዩዴቭ ተከትሎ ከፍቶ ያየዋል። ፊውዘር የሚያየው ፕሮሰሶችን ነው፤ ከርነሉ ራሱ የያዘውን፣ ለምሳሌ ኤልቪኤምን (ዲስኮችን አጣምሮ የሚከፋፍለውን ሥርዓት)፣ አያሳይህም።

ደግሞ 0 አንብበህ «ንቀሉ» እስክትል ሌላው ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ መጠየቁን ትተህ ራስህ ያዘው። 6.8 ላይ ዲስክ የሚከፍተውን ቢዴቭ_ኦፕን_ባይ_ፓዝ የሚባል ፋንክሽን ጥራ። ሆልደር (ያዥ) በሚለው ቦታ ለዚያ ዲስክ ብቻ የመደብከውን ስትራክት ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ስጠው። ነል (ባዶ ፖይንተር) ከሰጠኸው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ በጋራ ይከፍተዋል። ለሁሉም ጠሪ አንድ ፖይንተር ከሰጠህ ደግሞ አንድ ባለቤት መስለው ሁሉም ይገባሉ። ውጤቱ ስህተት መሆን አለመሆኑን በኢዝ_ኢአር ፈትሽ፤ ሲከሽፍ ነል አይመልስም፣ ሌላ ከያዘው «ተይዟል» የሚለው የስህተት ኮድ ኢቢዚ (‎-16) ይመጣል። ሙሉ ዲስኩን ስትይዝ ከፓርቲሽኖቹ (ከክፍልፋዮቹ) አንዱ ማውንት ሆኖ (ፋይሎቹ እንዲሠራባቸው ተያይዞ) ቢሆንም እምቢ ይልሃል፣ የፈለግኸውም ይህንኑ ነው። ስትጨርስ በቢዴቭ_ሪሊስ ልቀቀው። ከ6.9 ጀምሮ ቢዴቭ_ፋይል_ኦፕን_ባይ_ፓዝ ሆኗል፤ እዚህ አካባቢ ስም መቀያየር አይሰለቻቸውም።

ሰበታ_ሩት፦
ለዚህ ሥራ ሞጁል ምን አደረገልህ? ከተራ ሲ ወይም ፓይተን ፕሮግራም በኦ_ኤክስክል (ብቻዬን ልያዘው በሚለው የአከፋፈት ምልክት) ክፈተው፤ ከርነሉ ውስጥ ያው ፍተሻ ነው የሚሄደው።

ማን እንደያዘው ለማየት፣ የዲስክህ ስም ኤስዲቢ ከሆነ፣ /ሲስ/ብሎክ/ኤስዲቢ/ሆልደርስ ውስጥ እይ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፦ የተያዘው ፓርቲሽኑ ከሆነ ይህ ባዶ ይሆናል፣ /ሲስ/ብሎክ/ኤስዲቢ/ኤስዲቢ1/ሆልደርስ ድረስ መውረድ አለብህ። እዚያ የሚመዘገቡት እንደ ዲቫይስ ማፐር (ኤልቪኤም የቆመበት) እና ኤምዲ (የሊኑክስ ሶፍትዌር ሬይድ) ያሉ ናቸው። ማውንትና ስዋፕ (ራም ሲጠብ ዲስክ ላይ የሚያዝ ቦታ) አይገቡም። ስዋፕን ከ/ፕሮክ/ስዋፕስ፣ ማውንትን ከ/ፕሮክ/*/ማውንትኢንፎ ፈልግ። ኮከቧን አትርሳ፤ ኮንቴነር ውስጥ ያለ ማውንት አንተ ባለህበት ሼል ላይ ላይታይ ይችላል።

ገላን_ሰርቨር፦
ኤስዲቢ1 ስር ዲኤም-3 ተቀምጧል፤ ኤልቪኤም ነው። ቮልዩም ግሩፑን (የኤልቪኤም የዲስክ ስብስቡን) በቪጂቼንጅ ‎-ኤኤን ሳጠፋው ኦ_ኤክስክል አለፈ። አሁን ዲስኩን ከሲስተሙ ለማውጣት /ሲስ/ብሎክ/ኤስዲቢ/ዲቫይስ/ዲሊት ላይ 1 ልጻፍ?

ሰበታ_ሩት፦
ጻፍ፣ ግን የከፈትከውን ሳትዘጋ። ዲሊት ራሱ ምንም አያጣራም፤ ማውንት የሆነ ዲስክ ቢሆንም ያወጣዋል። ኦ_ኤክስክል የሚያግደው እንደሱ ብቻውን ሊይዝ የሚመጣን ነው፤ ዲዲን (ዲስክ ቀጂውን ትእዛዝ) የመሰለ ተራ ከፋች ያልፋል፣ እሱን በፊውዘር እይ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ኤስዲቢ የነበረው ኤስዲሲ ሊሆን ስለሚችል ስክሪፕትህ ላይ በ/ዴቭ/ዲስክ/ባይ-አይዲ ስም ጥራው።