ሜልበርን ላይ ሶስት ሰው በሳምንት 857 ዶላር መኖር ይችላል?

የደሴው_ልጅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ በተለይ ሜልበርን ያላችሁ ወገኖች። እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። በህብረተሰብ ጤና ለማስተርስ ተቀብለውኛል፣ የትምህርቱን ክፍያ ስኮላርሺፑ ይሸፍንልኛል፣ ለመኖሪያ ግን የሚሰጡኝ ነገር የለም። የምጀምረው ፌብሩዋሪ 2026 ነው፣ ባለቤቴና የሁለት አመት ልጃችንም አብረውኝ ይመጣሉ ብለን ነው ያሰብነው። ለቪዛው አሳይ የተባልኩት ለኔ 29,710፣ ለባለቤቴ 10,394፣ ለልጅ 4,449 ነው፣ በአውስትራሊያ ዶላር፣ ሲደመር 44,553 መጣ። እሱን ለ52 ሳምንት ሳካፍለው በሳምንት 857 ገደማ ሆነ። ጥያቄዬ በዚህ ብር ሶስት ሰው ሜልበርን ላይ እውነት ይኖራል ወይ ነው። እዛ ተምሮ የተመለሰ ጓደኛዬ እንዲያውም ይተርፍሃል ይለኛል ግን እሱ የነበረው ከኮሮና በፊት ነው ለዛውም ብቻውን፣ ሌላው ደግሞ ኪራይ ብቻ ይጨርስሃል ይላል። ያለችንን መኪና ሸጠን ከሁለቱም ቤተሰብ ተበድረን ነው የምንወጣው ስለዚህ ተሳስቼ መሄድ አልችልም። ኪራዩን፣ አስቤዛውን፣ ትራንስፖርቱን፣ የልጅ ማቆያውን የምታውቁትን ያህል ንገሩኝ። ታርኒት የሚባል ሰፈር ርካሽ ነው ብለውኛል፣ ትምህርት ቤቴ ያለው ግን መሀል ከተማ አካባቢ ነው።


ሰንሻይን_ነኝ፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ሰንሻይን ስኖር 11 አመቴ ነው፣ ኤጅድ ኬር፣ ማለትም አረጋውያን መንከባከብ ነው የምሰራው። መጀመሪያ የምነግርህ እዚህ ኪራይ የሚጠራው በሳምንት ነው፣ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። 480 ሲሉህ በአራት ታባዛና 1,920 ትላለህ፣ ወሩ ግን አራት ሳምንት ብቻ አደለም፣ 480ን በ52 አባዝተህ ለ12 ስታካፍለው 2,080 ነው የሚመጣው። በየወሩ 160 ዶላር የት ገባ እያልክ ስትፈልግ ትከርማለህ፣ እኔ የመጀመሪያውን አመት እንደዛ ነው ያሳለፍኩት። ቦንድ የሚባለው ማስያዣም የአንድ ወር ኪራይ ነው፣ ስለዚህ ቁልፍ ለመቀበል ቦንድ 2,080 ሲደመር የመጀመሪያው ወር 2,080፣ 4,160 ወጣ ማለት ነው፣ ገና ፍራሽ አልገዛህም። ቦንዱ ኤጀንቱ ኪስ አይገባም፣ መንግስት ያቋቋመው የቦንድ መስሪያ ቤት ጋ ነው የሚቀመጠው፣ ደረሰኙ በስምህ መምጣቱን አረጋግጥ። በገባህ ቀን ደግሞ ግድግዳውን፣ ምንጣፉን፣ ምድጃውን ሁሉ ፎቶ አንሳ፣ ስትወጣ ይሄ እድፍ ያንተ ነው ቢሉህ የሚያድንህ እሱ ነው።

እኔ ሁለት መኝታ አሮጌ ዩኒት (አነስ ያለ ቤት) 470 ነው የምከፍለው፣ አጠገቤ በቅርብ የገባችው ግን 510 ትከፍላለች፣ ቤቱ አንድ አይነት ነው። ቪክቶሪያ ውስጥ ኪራይ መጨመር የሚችሉት በ12 ወር አንዴ ብቻ ነው፣ አንዴ ከገባህ ቢያንስ አመቱን ትረጋጋለህ።

ዋናው ጣጣ ቤት ማግኘቱ ነው። ኢንስፔክሽን ይሉታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ነው፣ ቤቱን ለ15 ደቂቃ ይከፍቱታል፣ ሰው እስከ መንገዱ ይሰለፋል፣ ዞር ዞር ብለህ አይተህ ትወጣና በስልክህ ትሞላለህ። የደሞዝ ወረቀትና የበፊት አከራይ ሪፈረንስ ይጠይቁሃል፣ አዲስ ሰው ደግሞ ሁለቱም የለውም። የስኮላርሺፕ ደብዳቤህንና የባንክ ሂሳብህን አያይዝ፣ እዚህ ስራ ያለው ሰው ከጎንህ ቢቆምልህም ይረዳል። እባክህን ግን እዛ ሆነህ ለማንም ብር እንዳትልክ። የአክስቴ ልጅ ኦንላይን ፎቶ አይታ ቤት ያዝኩ ብላ 1,400 ዶላር ልካ መጣች፣ ከነሻንጣዋ በሩን ስታንኳኳ ሌላ ቤተሰብ ነው የሚኖርበት፣ ስለሷ የሰሙት ነገር የለም። በሩ ላይ ቆማ ደወለችልኝ፣ ያን ቀን የሰማሁትን ድምጿን አልረሳውም።

አስቤዛው እንደሚያስፈሩህ አደለም። ሽንኩርት በጆንያ፣ ምስር ከህንድ ሱቅ፣ ዘይትና ወተት አልዲ ከሚባለው ርካሽ ሱፐርማርኬት፣ አትክልት ፉትስክሬይ ገበያ። ገበያው ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነው፣ ቅዳሜ ሊዘጉ ሲሉ ሂድ፣ ባለሱቆቹ እየጮሁ ቲማቲሙንም ቃሪያውንም በከረጢት እየሞሉ በትንሽ ብር ይለቁታል፣ ሰው ጋሪ እየጎተተ ነው የሚመጣው። እንጀራ በየቀኑ ከሱቅ ከገዛህ አትዘልቀውም፣ እኔ እሁድ እሁድ ጤፉን ከሌላ ዱቄት ጋር ቀይጬ የሳምንቱን እጋግራለሁ። ለሶስት ሰው በሳምንት 200 ብትል ደህና ትበላላችሁ።

እንግዲህ ደምረው። ኪራይ 480፣ ምግብ 200፣ ላንተ ብቻ ትራንስፖርት 55 (ማይኪ በሚባለው የትራንስፖርት ካርድ በ2025 ሁለት ሰአት 5.50 ነበር፣ ቀኑን ሙሉ 11)፣ መብራት ጋዝ ውሃ 50 ገደማ፣ ስልክና ኢንተርኔት 30። 815 ሆነ። ባለቤትህ ከቤት ሳትወጣ፣ ልጅ ሳይታመም፣ ጫማ ሳይገዛ ማለት ነው።


ማታ_ሺፍት፦

ታርኒትን ስላነሳህ፣ እኔ እዛው ነኝ፣ ስድስት አመት ሆነኝ። እህታችን ያለችው ሁሉ ልክ ነው እኔ መኪናውን ልጨምርልህ። ታርኒት በ500 ጓሮና ጋራዥ ያለው ሶስት መኝታ አዲስ ቤት ታገኛለህ፣ ሰው ይሄን ሲያይ ልቡ ወደዚህ ይሄዳል፣ የኔም እንደዛ ነበር። ባቡር አለ፣ ጣቢያው በ2015 ነው የተከፈተው፣ ግን ቪላይን የሚባለው የጂሎንጉ የክፍለ ሀገር ባቡር ነው እንጂ የከተማው ባቡር አደለም፣ ጠዋት ሞልቶ ነው የሚደርሰው፣ ብዙ ጊዜ ከተማ ድረስ ቆመህ ነው። ከጣቢያው ራቅ ካልክ ደግሞ ለዳቦም ለሀኪምም ለልጁም መኪና ማስነሳት ነው። የኔ ስራ ትሩጋኒና ዌርሃውስ (መጋዘን) ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰአት ገብቼ ንጋት 12 ሰአት እወጣለሁ፣ በዛ ሰአት አውቶብስ የሚባል የለም፣ ስለዚህ መኪናው ግዴታ ነው ምርጫ አደለም።

ባለፈው ጁን ደረሰኞቹን ሰብስቤ ቁጭ ብዬ ደመርኩ። ሬጎ (የመኪና ምዝገባ) በአመት 900 አካባቢ፣ ኢንሹራንስ፣ ቤንዚን፣ ሰርቪስ፣ ሁለት ጎማ፣ ከተማ ስገባ የመንገድ ክፍያ፣ ለአንድ አሮጌ ካምሪ በሳምንት 145 ዶላር ወጣ፣ የገዛሁበትን ሳልጨምር። ሚስቴ ስራ ስትጀምር ሺፍታችን ስለማይገናኝ ሁለተኛ መኪና ገዛን። ቤቱ ሰፊ ነው አልዋሽህም ልጆቼ ጓሮ ውስጥ ነው ያደጉት፣ ግን ኪራዩ ረከሰ ያልኩትን መኪናው በላው። ላንተ ለተማሪ፣ የመጀመሪያውን አመት ጠባብም ቢሆን ጣቢያ በእግር የምትደርስበት ተቀመጥ፣ ሰንሻይን ወይ ፉትስክሬይ ወይ ሴንት አልባንስ። ታርኒት አይሸሽም በኋላ ትመጣለህ።


ቪዩ_ተማሪ፦

እኔ የምለው ትንሽ ይለያል። ወንድሜ መጀመሪያ ብቻህን ና። እኔ ፉትስክሬይ ከሶስት ልጆች ጋር ቤት ተጋርቼ ነው የምኖረው፣ ክፍሌ 230 ነው መብራቱም ኢንተርኔቱም ውስጡ ነው፣ ስራና ቤት ይዘህ ካየህ በኋላ ባለቤትህን ታመጣለህ።

በተማሪ ቪዛ ትምህርት ባለበት ጊዜ መስራት የምትችለው በሁለት ሳምንት 48 ሰአት ነው። ዝቅተኛው ክፍያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በሰአት 24.95 ነው፣ ካዥዋል (ቋሚ ያልሆነ ሰራተኛ) ከሆንክ 25 ፐርሰንት ይጨመርና 31 ትንሽ አለፍ ይላል፣ 24 ሰአት ሙሉ ካገኘህ ከታክስ በፊት 748 ነው። ካገኘህ ነው እንግዲህ። እኔ ስራ እስካገኝ ሰባት ሳምንት ፈጅቶብኛል ከዛም በሳምንት አንድ ሺፍት እየሰጡኝ ነው የጀመርኩት። አንዱ ቦታ በሰአት 16 ዶላር በካሽ እንስጥህ አሉኝ፣ ቸግሮኝ ሶስት ሳምንት ሰራሁ፣ የመጨረሻውን ሳምንት ሳይከፍሉኝ ቀሩ። ከህጉ በታች አትቀበል፣ ተማሪም ብትሆን ህጉ ላንተም ነው።


ሰንሻይን_ነኝ፦

አንተ ልጅ የምትለው ይገባኛል፣ ብቻህን ስለሆንክ ላንተ ሰርቶልሃል፣ ለሱ ግን አልስማማም። ብቻውን ቢመጣ እዚህ 230 እየከፈለ እዛም ቤት ያስተዳድራል፣ ሁለት ቤት ማለት ነው፣ በኋላ ለሷና ለልጁ የሚከፍለው የቪዛ ገንዘብም ሌላ ነው። ትልቁ ነገር ደግሞ ማንም አላነሳውም፣ አንተ ማስተርስ ተማሪ ስለሆንክ ትምህርትህን ከጀመርክ በኋላ ባለቤትህ ያለ ሰአት ገደብ መስራት ትችላለች። የ48 ሰአቱ ገደብ ያንተ ነው የሷ አደለም። የቤቱን ኪራይ የምታወጣው እሷ ልትሆን ትችላለች፣ እሷን ትቶ መምጣት ዋናውን ገቢ ትቶ መምጣት ነው።

ግን ልጁ። በተማሪ ቪዛ ከስንት አንዴ ካልሆነ የመንግስት የቻይልድ ኬር ድጎማ የለም፣ ሙሉውን ነው የምትከፍለው። ስራ ቦታ አብራኝ ያለች ልጅ በቀን 150 ትከፍላለች፣ አምስት ቀን ቢሆን 750 ነው፣ ከኪራይ ይበልጣል። ስለዚህ 857ቱን አስቤዛ ላይ ቆጥቤ አበቃዋለሁ ብለህ አታስብ፣ ልጁን ማን ይይዘዋል የሚለውን ነው ከባለቤትህ ጋር ከአሁኑ መነጋገር ያለብህ። እኔና ባለቤቴ የመጀመሪያዋን ልጃችንን ያሳደግናት እየተቀባበልን ነው፣ እሱ ከሌሊት ስራ ሲገባ እኔ ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ፣ ልጅቷን ከእጄ ወደ እጁ አቀብዬ እሮጣለሁ፣ ምግቡ የት እንዳለ እንኳን የምነግረው በወረቀት ነው። ሁለት አመት እንደዛ ነው የኖርነው። ይከብዳል ግን ያልፋል። ባለቤትህ ቅዳሜና እሁድ ሺፍት ብትይዝ ክፍያው ከፍ ይላል፣ አንተም ክፍል የለህም ልጁ ካንተ ጋር ይውላል። የማስተርስ ክፍሎች ማታም ስለሚኖሩ ፕሮግራምህን ሳትመርጥ በፊት ይሄን አስብበት።

የጤና ኢንሹራንሱንም እንዳትረሳ፣ ሜዲኬር የሚባለው የመንግስት የጤና መድን ለናንተ የለም፣ የቤተሰቡ ከአንድ ሰው በብዙ ይወደዳል፣ እዛ ሆነህ ቀድመህ ነው የምትከፍለው።


የደሴው_ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እትዬ በተለይ እርስዎን። ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ የልጁ ነገር ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም አልን፣ እስከዛሬ ስንደምር አንዴም አስገብተነው አናውቅም። እሷ ነርስ ናት፣ እዛ እንደ ነርስ ለመስራት ፈተናውና ምዝገባው ጊዜ ይወስዳል ብለዋታል፣ ኤጅድ ኬር ግን እጀምራለሁ ትላለች። ታርኒትን ትተነዋል። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ አንደኛ ብርዱ እንዴት ነው የመብራት ወጪስ፣ ሁለተኛ ከዚህ በርበሬ ሽሮ ቅቤ ይዘን ብንመጣ ወጪ ይቀንስልናል ወይ?


ፍሌሚንግተን_4ኛ_ፎቅ፦

ብርዱን እኔ ልመልስ። ከጁን እስከ ኦገስት ነው፣ እንደ አዲስ አበባ ክረምት በለው ግን ነፋሱ ይብሳል፣ ችግሩ ከውጪው ይልቅ ቤቱ ነው፣ አሮጌ ቤቶች ሙቀት አይይዙም። ቪክቶሪያ ውስጥ የሚከራይ ቤት ሳሎኑ ላይ የተገጠመ ሂተር ሊኖረው ግዴታ ነው፣ ኢንስፔክሽን ስትሄድ እሱን እይ፣ አብራው ሞክረው። ከሌለ ርካሽ ብለህ ተንቀሳቃሽ ሂተር በየክፍሉ ትሰካለህ፣ ቢሉ ሲመጣ ነው የሚያስደነግጥህ። መብራት ባትጠቀምም በየቀኑ የሚቆጠር ክፍያ አለው፣ ካምፓኒ መምረጥ ትችላለህ፣ የክፍለ ሀገሩ መንግስት ቪክቶሪያን ኢነርጂ ኮምፔር የሚል ነጻ ማወዳደሪያ አለው በየአመቱ አወዳድርና ቀይር። ምጣዱ ብዙ ይበላል፣ እኛ የሳምንቱን በአንድ ቀን ነው የምንጋግረው፣ አንዴ ከጋለ አታጥፋው።

ስለ ምግቡ፣ ቅቤና ቋንጣ እንዳታመጣ ኤርፖርት ይወስዱብሃል። በርበሬና ሽሮ ብትይዝም ቅጹ ላይ ምግብ ይዣለሁ ብለህ ሙላ፣ አይተው ይመልሱልሃል ወይ ያስቀሩታል፣ ከተናገርክ አትቀጣም፣ ከደበቅክ ግን ቅጣቱ የአንድ ወር አስቤዛህን ይወስደዋል። ሻንጣህን በምግብ ከምትሞላው የልጅ ሙቅ ልብስ ብትሞላው ይሻላል።


ሰንሻይን_ነኝ፦

ልብሱንም ብዙ አትሸከሙ። ባለቤትህ ነርስ ከሆነች የልምድ ደብዳቤዋንና የክትባት ወረቀቷን በእንግሊዝኛ አስተርጉማ ትያዝ፣ ኤጅድ ኬር ሲቀጥሩ ይጠይቋታል። ጃንዋሪ መጨረሻ የምትደርሱ ከሆነ ቀኑ ሲቆረጥ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ከዛ በፊት ያሉትን ሁለት ቅዳሜ ከስራ ነጻ ነኝ፣ ኢንስፔክሽን ሄጄ ቪዲዮ አንስቼ እልክልሃለሁ፣ ሂተሩንም አበራዋለሁ። ልጁ ሴት ናት ወንድ? የልጄ የሁለትና የሶስት አመት ጃኬቶች ታጥበው ተቀምጠዋል።