የእህቴ ልጅ የእናቱን ሞት አያውቅም፤ እንዴት ይነገረው?

አክስት፣ ከአዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁም። የእህቴ ልጅ እናቱን ያጣው በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰበት ወቅት ሲሆን፣ ያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ታላላቆቻችን «ልቡ ይሰበራል» ብለው እናቱ ለሥራ ዐረብ አገር እንደሄደች እንዲነገረው ወሰኑ፤ እስከ ዛሬም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ርችት በተተኮሰ ቁጥር ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ይደበቃል፤ አልፎ አልፎም አልጋው ላይ ይሸናል። ቀድሞ በየበዓሉ «እማዬ ለምን አትደውልም?» ይለኝ ነበር፤ ዘንድሮ ግን መጠየቁን ትቷል፣ ይህም ይበልጥ አስፈራኝ። እኔም እሱ እንዳያየኝ ስል እህቴን በወጉ አላለቀስኳትም። ይነገረው ወይስ ከፍ እስኪል ይቆይ?

የሥነ ልቦና ባለሙያ

እኅቴ፣ ይነገረው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የሞተ ሰው እንደማይመለስ በቅጡ አይረዳም፤ በእሱ ዕድሜ ያለ ግን ይረዳል። ዝም ማለቱ ወይ ጠርጥሯል፣ ወይም እናቴ ትታኛለች ብሎ ደምድሟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ከሞቱ የከፋ ቁስል ነው።

ለአዋቂ ሰው መርዶ የምንነግረው ዘመድ አዝማድ ሰብስበን፣ በማለዳ፣ ደግፎ የሚይዘው ሰው አዘጋጅተን ነው፤ ልጅን ግን ድንኳን ሲተከል ጎረቤት እንልከዋለን። ለእሱም ያው ወግ ይገባዋል። ትምህርት በሌለበት ቀን ጠዋት፣ የሚወዳቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ባሉበት፣ «እማዬ ሞታለች» ተብሎ በግልጽ ይነገረው። «ተኝታለች» ማለት እንቅልፍን እንዲፈራ ያደርጋል። ልጆች በሆዳቸው ራሳቸውን ስለሚወቅሱ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ሳይጠይቅም ይነገረው። እርስዎም እንባዎን አይደብቁት፤ ማልቀስ እንደሚቻል የሚማረው ከእርስዎ ነው።

የወንድሜን ልጆች የማሳድግ

ባለሙያው ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለትንሿ ልጅ ስንነግራት «ምሳ መቼ ነው?» ብላ ለመጫወት ወጣች፤ ዘመዶቼም «አየሽ፣ ልጅ ይረሳል» አሉኝ። ልቅሶው የመጣው ከቀናት በኋላ፣ በሌሊት፣ ጫማዋ ጠበበኝ በሚል ሰበብ ነበር። የልጅ ሐዘን ብልጭ ድርግም እያለ ስለሚመጣ፣ በመጀመሪያው ቀን ባያለቅስ አይደንግጡ። በሙት ዓመቱ ጧፍ ለኩሳ አባቷ ስለሚወደው ምግብ ስታወራ ውላለች።

መምህር

ከመነገሩ በፊት ለክፍል ኃላፊው መምህር ያሳውቁ። ለርችቱ፣ በዋዜማው «ዛሬ ማታ ይተኮሳል፣ አብረን እንሆናለን» ማለት ብዙ ይረዳል። አልጋው ላይ ሲሸና ያለ ቁጣ አንሶላውን መቀየር ብቻ ይበቃል፤ ቅጣት ያባብሰዋል።

አክስት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቸገረኝ ታላቅ አጎታችን ነው፤ የመደበቁ ሐሳብ የእሱ ስለነበር ይቆጣል ብዬ እፈራለሁ።

የሥነ ልቦና ባለሙያ

እንግዲያው ተናጋሪው እሳቸው ይሁኑ። «የደበቅንህ እኛ ነን፣ ልጅ ስለነበርክ አዝነንልህ ነው» የሚለው ቃል ከእሳቸው አፍ ቢወጣ ልጁ በእርስዎ ላይ ያለው እምነት አይናጋም። ከተነገረው በኋላ ቅዠቱ ወይም ድንጋጤው ከወር በላይ ከበረታ፣ ልሙት የሚል ቃል ከተናገረ ግን በዚያው ቀን፣ ወደ ሕክምና ይውሰዱት፤ አዲስ አበባ ስላሉ አማኑኤል ሆስፒታል ይቀርብዎታል። ጸበል የሚወስዱት ከሆነም ይቀጥሉ፤ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ካለ ግን ሳይቋረጥ ጎን ለጎን ይሁን።