«አባቴ እንደ አንበሳ ነው» ብሎ ለሚጽፍ ልጅ ምን ይባላል?

ጠመኔ በእጄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። ባለፈው ወር «ስለምትወዱት ሰው አንድ ገጽ ጻፉ፤ ዘይቤ ተጠቀሙ» አልኳቸው። ያቺን «ዘይቤ ተጠቀሙ» ምነው ባላልኩ! አንዱ ልጅ «አባቴ እንደ አንበሳ ነው፤ እናቴ እንደ ጨረቃ ናት፤ እህቴ እንደ ጽጌረዳ ናት» ብሎ አመጣልኝ። «አንበሳ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት። «አዎ፣ ሳንቲም ላይ» አለኝ።

«እሺ፣ አባትህ ቤት መግባቱን በምን ታውቃለህ?» ስለው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ጀመረ። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሲመጣ ጃኬቱን ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ይሰቅላል፤ ቤቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሲሄድ ምስማሩ ብቻውን ይቀራል። «ታዲያ ይሄን ለምን አልጻፍከውም?» ብለው፣ «ይሄማ ዘይቤ አይደለም፣ ቲቸር።»

ጥፋቱ የራሴ ነው። ተምሳሌትን ሳስተምር ለፈተና እንዲመቻቸው ብዬ ሰሌዳ ላይ «ርግብ = ሰላም፣ አንበሳ = ጀግንነት፣ ጨለማ = ችግር» እያልኩ ደረደርኩላቸው። አሁን በየድርሰቱ ርግብ ይበራል። አያቷ ስለሞቱባት የጻፈች ልጅ እንኳ መቃብሩ ላይ ርግብ አሳርፋለች። የሠራሁትን እንዴት ላፍርሰው?

ጡረተኛው፦

እህቴ፣ 31 ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ፤ እኔም በጊዜዬ ርግብ አርብቻለሁ። ከዚያ ያወጣኝ እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ?» ስል ክፍሉ በሙሉ «ምን አውቅልህ!» ይለኛል። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» ጤዛ መሆኗን አብዛኞቹ ያውቁታል። የእኔ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የፈጠረው ሰው በስንት ሰዓት ወጣ? ስንት ሰዓት ላይ ተመለሰ? ጫማ ነበረው ወይስ በባዶ እግሩ ነበር? ልጆቹ ማለዳውን፣ የሳሩን ቅዝቃዜ፣ የረፋዱን ፀሐይ እየተሻሙ ይነግሩኛል። እንቆቅልሹ ውስጥ ግን «እንደ» የሚል ቃል የለም!

ከዚያ ቤታቸው ያለ አንድ ዕቃ ስሙን ሳይጠሩ እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ ምጣድም ይሁን፣ ሙቀጫም ይሁን፣ እግሩ የተሰበረ ረከቦትም ይሁን። ያልፈታ አገር ይሰጣል። አንድ ሴሚስተር ሙሉ «እንደ»ን ከክፍሌ አግጄ ነበር። ርእሰ መምህሩ ገብተው «እንደምን አደራችሁ» ቢሉ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ እኔው ነኝ ይቅርታ የጠየቅሁት።

ብዕረ ቀጭን፦

ጋሼ፣ በቃል ምስል ለመሳል እርስዎ ያሉት መንገድ ግሩም ነው። ለተምሳሌት ግን እንቆቅልሽ የሚያሳስት ይመስለኛል፤ መልሱ አንድ ነዋ። ልጆቻችን በእንቆቅልሽ ይጀምራሉ፣ በሰምና ወርቅ ይቀጥላሉ። እዚያም ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለት ትርጉም ያዘለው ቃል፣ ከተገኘ ወርቁ ወጣ፣ አለቀ። ስለዚህ ታሪክ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ የተደበቀ መልስ ያለው ይመስላቸዋል።

እኔ በነጠላ ነው የምጀምረው። «ጎረቤታችን ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣች» ብዬ እጽፍና «ምን ሆነች?» እላለሁ። ለቅሶ መሆኑን ለመናገር ማንም አይቸገርም፤ ጥለቱ ወዴት እንደዞረ አገር ያውቀዋል። ይሄ እኛ ሳንወለድ የተስማሙበት ምልክት ነው። የዚያ ልጅ ጃኬት ግን ሌላ ነው። ናፍጣ የምን ምልክት ነው ብለሽ ደሴን ብትዞሪ የሚመልስልሽ የለም። ትርጉም የሚያገኘው እዚያችው አንድ ገጽ ውስጥ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ተመልሶ መምጣት አለበት። አንዴ ብቻ ከተጠቀሰ ያው ጃኬት ነው። አባትየው ቤት እያለ አንዴ፣ ከሄደ በኋላ አንዴ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ተለውጦ አንዴ ይምጣ። «ይህ ጃኬት የአባቴን ፍቅር ያመለክታል» ብሎ ከጻፈልሽ ግን ያለ ርኅራኄ ሰርዢው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

እኔ መምህር አይደለሁም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን አማርኛ አስጽፋታለሁ። «ስለ መስከረም ጻፊ» አልኳትና አደይ አበባ ስጠብቅ፣ «መስከረም ቢጫ ነው። አውቶቡሱ ጥጉ ላይ ሲታጠፍ ሆዴን ያመኛል» ብላ አመጣች። እዚህ አሜሪካ የተማሪዎች አውቶቡስ ቢጫ ነው፤ ትምህርት የሚከፈተውም በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። አደይን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ላርማት እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ጠመኔ በእጄ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለቱንም ሞከርኩት። እንቆቅልሹን ወደዱት። አንዷ «ጠዋት ጠፍቶ ረፋድ ላይ ይመጣል፤ እግር ግን የለውም» አለች፤ የጦሳ ተራራ ነው። የደሴን ጉም ያላየ ሰው አገር ሰጥቶም አይገላገላት!

ሦስት ጊዜ መመለሱ ግን ከበዳቸው። ብዙዎቹ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ገልብጠው አመጡ። የሹፌሩ ልጅ፣ እሱን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው፣ እንዲህ ብሎ ጨረሰ፦ «እናቴ ልብስ ስታጥብ ጃኬቱን ዘለለችው። ለምን አልኳት። አልቆሸሸም አለችኝ። አሸተትኩት። ቆሽሿል።» ክፍሉ ውስጥ ሲያነበው ከጎኑ ያለው ልጅ «የምን ተምሳሌት ነው?» ቢለው፣ «እኔ ምን አውቅልህ» ብሎት ተቀመጠ።

አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። የሴሚስተሩ ፈተና ተባዝቶ አልቋል፤ ተራ ቁጥር 14 «ርግብ የምን ተምሳሌት ናት?» ይላል፣ 2 ነጥብ። ያወጣሁትም እኔው ነኝ። ያ ልጅ «እንደ ታሪኩ ነው» ብሎ ቢመልስልኝ ስንት ልስጠው?