በረዶን የሚመርጥ ለምን ጠፋ? ለነጠላ ዓይነት ሊጋችን የጋራ ሐሳብ እናዘጋጅ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቪዲዮ ጌሙ በፖኬሞን የምንጫወተው የነጠላ ዓይነት ሊጋችን ሊከፈት ነው። ለኮሚቴው የምናቀርበው የደንብ ማሻሻያ ሐሳብ ግን እስካሁን ባዶ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ፖኬሞን፣ ማለትም በጌሙ የሚፋለመው ፍጡር፣ ከ18 ዓይነቶች የአንዱ ወይም የሁለቱ ነው። ባለፈው ዙር ከ18ቱ በረዶን የመረጠ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ፖኬሞንን የወደድኩት ውሃም በረዶም በሆነችው በላፕራስ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ከንክኖኛል። ስድስቱም ፖኬሞን የአንድ ዓይነት መሆን ሲኖርባቸው በረዶ የሚይዝ ሰው ከጠፋ፣ ደንባችን የሆነ ቦታ አልተመቸውም ማለት ነው።

መጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ እንስማማ። በረዶ ሲያጠቃ አስፈሪ ነው። ሣርን፣ መሬትን፣ በራሪንና ድራጎንን በእጥፍ ይመታል። ጋርቾምፕ ድራጎንም መሬትም ስለሆነ አራት እጥፍ ይቀምሳል። በራሪ የሆኑት ድራጎናይትና ሳላሜንስም እንደዚያው። ሲጠቃ ግን ሌላ ነው። እሳት፣ ተፋላሚ፣ ድንጋይና ብረት በእጥፍ ይጎዱታል። የሚቋቋመው ደግሞ ራሱን በረዶን ብቻ ነው። ብረት 10 ዓይነቶችን ይቋቋማል፣ መርዝ ጭራሽ አይነካውም። በረዶ አንድ ብቻ!

እስቲ የሚታያችሁን ጻፉ።

አዲስ አባል፦
በእኛ ሊግ በረዶ ውሃንና በራሪን ይቋቋማል ብለን ብንደነግግስ? ብዙ ተጫዋች የሚመኘው ነገር ነው።

የዳኞች ተወካይ፦
ወንድሜ፣ ምኞቱ ይገባኛል። ግን የምንጫወተው በራሱ በጌሙ ላይ ነው። ሰንጠረዡ ውስጡ ተቀምጧል፤ እኛ በወረቀት አንቀይረውም። ዳኛ ደግሞ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ጨዋታ እያስቆመ የጠፋውን ላይፍ መመለስ አይችልም። እጃችን የሚደርሰው እስከሚፈቀደውና እስከሚከለከለው ድረስ ነው። የትኛው ፖኬሞን፣ ፖኬሞኑ የሚይዘው የትኛው ዕቃ፣ በተራው የሚጠቀምበት የትኛው ሙቭ። ሐሳባችንን እዚያ ላይ እናድርግ።

ነባር አባል፦
ልጆች፣ በረዶ ሁሌም እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው በመጀመሪያው ጨዋታ ብሊዛርድ የሚባለው የበረዶ ምት ከ100 ጊዜ 90ውን ያገኝ ነበር። እሳት እንኳ በረዶን አይቋቋምም። የቀዘቀዘ ፖኬሞን ደግሞ በራሱ ጊዜ አይቀልጥም ነበር፤ ከወደቀ የሚለየው ቆሞ መታየቱ ብቻ ነው። ያኔ በረዶ የማይፈራ አልነበረም።

በ1999 ሁሉም ተገለበጠ። ብሊዛርድ ወደ 70 ወረደ። እሳት በረዶን መቋቋም ጀመረ። ብረት የሚባል አዲስ ዓይነትም መጣ። ብረት በረዶን ይቋቋማል፣ መልሶም በእጥፍ ይመታዋል። በ2006 ስቴልዝ ሮክ፣ በተጋጣሚ ሜዳ ተዘርግቶ የሚገባውን የሚጎዳ የድንጋይ ሙቭ፣ ሲጨመር ደግሞ ቁስሉ ላይ ጨው ተነሰነሰ።

ይሄን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ ጨዋታ ላይ ተጋጣሚዬ በመጀመሪያው ተራ ስቴልዝ ሮክ ዘረጋ። አርቲኩኖን አስገባሁ። በረዶም በራሪም ስለሆነች ድንጋዩ አራት እጥፍ ጎዳት፤ ገና ስትገባ ግማሽ ላይፏ ሄደ። አንድ ቀላል ምት ቀመሰችና አወጣኋት። ቆይቼ ድጋሚ ሳስገባት ድንጋዩ ጨረሳት። አንድም ሙቭ ሳትጠቀም። ስክሪኑን ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ ወዲህ አርቲኩኖን ይዤ አልወጣሁም።

የጀማሪዎች አሰልጣኝ፦
ጋሼ፣ የእርስዎ ታሪክ የእኔ ተማሪዎችም ታሪክ ነው። እነሱን ከበረዶ የሚያርቃቸው ግን ሌላም ነገር አለ። ሁሌ የሚጠይቁኝ፣ “አይስ ቢምን የመሰለ የበረዶ ምት የውሃ ፖኬሞን ከቻለው በረዶ ምን ያደርግልኛል?” ብለው ነው። እውነታቸውን ነው። ብዙ የውሃ ፖኬሞን አይስ ቢም ይማራል። ሰይፉን ይወስድና ደካማውን ገላ ለበረዶ ይተውለታል። ውሃ እሳትንም ብረትንም ይቋቋማል እኮ!

የምመልስላቸው እንዲህ ነው። አይስ ቢም ኃይሉ 90 ነው። የበረዶ ፖኬሞን ሲወረውረው ግን የራሱ ዓይነት ስለሆነ በአንድ ተኩል ተባዝቶ 135 ይሆናል። ውሃው 90 ላይ ይቀራል። ከዚያ ደግሞ ፍሪዝ-ድራይ አለ። ኃይሉ 70 ብቻ ነው፤ ሆኖም ሌሎቹ የበረዶ ምቶች የሚደክሙበትን ውሃን በእጥፍ ይመታል።

ባለፈው ልምምድ አንዲት ተማሪዬ ላፕራስ ይዛ ነበር። ተጋጣሚዋ ተረጋግቶ ስዋምፐርትን አስገባ። ስዋምፐርት ውሃም መሬትም ነው፤ በሰንጠረዡ ከሣር በቀር የሚያሰጋው የለም። ልጅቷ ፍሪዝ-ድራይን ተጫነች። ውሃው እጥፍ፣ መሬቱ እጥፍ፣ ድምሩ አራት እጥፍ። የላይፍ መስመሩ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ወደ ቀይ፣ ወደ ባዶ ሲንሸራተት ሁላችንም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተን እያየን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ልጆች “በረዶ አስተምሪን” ብለው መጡ። ስለዚህ ከደንቡ ጋር አንድ የሥልጠና ቀንም በሐሳባችን ውስጥ ይግባ።

አስተባባሪ፦
ይገባል። አመሰግናለሁ እህቴ።

ጸሐፊ፦
ሳንረሳው፣ የኮሚቴው ረቂቅ ላይ “አውሮራ ቬይል ይታገድ” የሚል መስመር አለ። ሙቩ ለ5 ተራ፣ ላይት ክሌይ የሚባለው ዕቃ ከተያዘ ደግሞ ለ8 ተራ ጉዳትን በግማሽ ይቀንሳል፤ በጣም በዛ የሚል ምክንያት ሰጥተዋል።

የጀማሪዎች አሰልጣኝ፦
ይሄማ ከበረዶ ላይ የመጨረሻውን ጋቢ መግፈፍ ነው! አውሮራ ቬይል የሚሠራው በረዶ እየወረደ ከሆነ ብቻ ነው። እግዱ በስም ለሁሉም ቢሆንም የሚመታው አንድ ዓይነት ነው።

የዳኞች ተወካይ፦
እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። መድኃኒቱ በየቡድኑ አለ። ብሪክ ብሬክ የሚባለው ሙቭ ይሰብረዋል፣ ዲፎግ ይጠርገዋል። ሌላም አለ። የበረዶ ዓይነት የሆነችው የአሎላዋ ናይንቴልስ ስትገባ በረዶ ታወርዳለች፤ ፍጥነቷ 109 ነው። ሲገባ ፀሐይ የሚያወጣው የቶርኮል 20 ነው። ሁለቱ ጨዋታውን እኩል ሲጀምሩ የፈጣኗ አየር ጠባይ ይቀድማል፣ የዘገምተኛው ይከተላል። የሚጸናው የኋለኛው ነው። እናም የናይንቴልስ በረዶ ወዲያው በቶርኮል ፀሐይ ይተካል፣ አውሮራ ቬይሉም ይከሽፋል። የአየር ጠባይ ለመቀየር እሳት ቶርኮል አለው፣ ውሃ ፔሊፐር፣ ድንጋይ ታይራኒታር። እዚህ ላይ ፈጣን መሆን ይጎዳል። ታዲያ ይሄን ሁሉ አልፎ የተዘረጋን መጋረጃ ለምን እናግዳለን?

ጸሐፊ፦
ተመዝግቧል። እግዱ ይነሳ።

አስተባባሪ፦
ወደ ድንጋዩ እንመለስ። ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ስቴልዝ ሮክ በእጥፍ የሚጎዳውን ሲገባ 25 በመቶ ላይፉን ይወስዳል፣ አራት እጥፍ የሚጎዳውን 50 በመቶ። የበረዶ ቡድን ደግሞ መቀያየር ካልቻለ ሞተ፤ ምት የሚችል ስለሌለው ትክክለኛውን ሰው በትክክለኛው ተራ ማስገባት አለበት። ከ2019 ጀምሮ ሄቪ-ዱቲ ቡትስ የሚባል ዕቃ አለ፤ የለበሰውን ድንጋዩ አይነካውም። የእኛ ደንብ ግን በአንድ ቡድን ውስጥ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ አይፈቅድም። ስለዚህ ቡት የሚለብሰው አንድ ብቻ ነው። ሐሳቤ፦ ቡትስ ከዚህ ክልከላ ነፃ ይሁን።

አዲስ አባል፦
ስቴልዝ ሮክን ራሱን ብናግድ አይቀልም?

ነባር አባል፦
አይ ልጄ። የድንጋይና የመሬት ቡድኖች ዋና መሣሪያቸው ነው። አንዱን ለማዳን ሌላውን ትጥቅ አናስፈታም። ደግሞ የበረዶው አቫላግ ራፒድ ስፒን የሚባል ሙቭ አለው፤ ድንጋዩን ይጠርጋል። መከላከያው 184 ነው፤ ከአካላዊ ምት በኩል ግንብ ነው። በ2022 ደግሞ ደንቡ ተቀይሮ በረዶ ሲወርድ የበረዶ ዓይነት መከላከያ በግማሽ ይጨምራል። ማሞስዋይን ደግሞ መሬትም ስለሆነ ድንጋይ በእጥፍ አይመታውም፤ በመሬት ምቱም እሳትንና ብረትን ያስጨንቃል። ሰው እነዚህን ይማር።

የእሳት ቡድን ተጫዋች፦
ይቅርታ፣ እኔ ብገባስ? ቡትስ ለሁሉም ነፃ ከሆነ በጣም የምደሰተው እኔ ነኝ። ቮልካሮናና ቻሪዛርድ ሁለቱም ከድንጋይ አራት እጥፍ ይጎዳሉ። ሁለቱንም ካለበስኳቸው ቡድኔ የሚፈራው ነገር ቀነሰ። እሳት ደግሞ በረዶን ያቀልጣል። በረዶን እናግዝ ብላችሁ ጠላቱን ታስታጥቃላችሁ። ዝም ብዬ ብጠቀምበት ለእኔ ይሻል ነበር፤ ግን በረዶ ያለበት ሊግ ይበልጥብኛል።

አስተባባሪ፦
ወንድሜ፣ ይሄን ማንሳትህ ትልቅ ነገር ነው። አላየሁትም ነበር። ለሁለት ብቻ ይፈቀድ ልል ነበር፤ አሁን ሳስበው ሁለት ማለት ለአንተ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው።

የዳኞች ተወካይ፦
ለበረዶ ብቻ መፍቀድም አይሆንም። ደንብ በስም ለአንድ ዓይነት ከተጻፈ ነገ ሁሉም “ለእኔስ?” ይላል።

የጀማሪዎች አሰልጣኝ፦
ሦስት ይሁን። እሳት ከሁለቱ በላይ እምብዛም አያስፈልገውም፤ ሦስተኛው ለበረዶ ነው የሚጠቅመው። የበረዶ ተጫዋችም ይመርጥ፦ ናይንቴልስ ላይት ክሌይ ትያዝ፣ ማሞስዋይን ያለ ቡት ይቻለው፣ ከሌሎቹ ሦስቱ ይልበሱ።

የእሳት ቡድን ተጫዋች፦
ሦስት ከሆነ እስማማለሁ። ከበረዶ ጋር የምጫወታቸውን ጨዋታዎች በሙሉ እመዘግባለሁ፤ ሚዛኑ ከተዛባ ራሴ እናገራለሁ።

ነባር አባል፦
ሦስት ከሆነማ አንዱ ለአርቲኩኖ ነው። መዝግቡኝ፣ እኔ በበረዶ እገባለሁ።

ጸሐፊ፦
ለኮሚቴው የሚሄደውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ ቃል የምትቀይሩ እስከ ነገ ማታ። “አውሮራ ቬይል እንደተፈቀደ ይቀጥል። ስቴልዝ ሮክ አይታገድ። ሄቪ-ዱቲ ቡትስ በአንድ ቡድን እስከ ሦስት ይፈቀድ፤ ለሁሉም ዓይነት፣ ለአንድ ዙር በሙከራ። ሊጉ ከመጀመሩ በፊት የበረዶ ሥልጠና ቀን ይያዝ፤ ፍሪዝ-ድራይ፣ የአየር ጠባይ ቅደም ተከተልና የቡድን አቀያየር ይካተቱበት።” የመጀመሪያው የበረዶ ተመዝጋቢ ስምም ከታች ገብቷል።