ጥቆማ፦ የአረር ሞልድና የበርሜል ማቅለሚያ የምታውቁ

አዲስ አዳኝ፦ ሰላም ቤቶች። ቨርጂኒያ ነኝ። ከአፈሙዙ የሚጎርስ፣ የድሮ ዓይነት ጠመንጃ እየገጣጠምኩ ነው፤ 50 ካሊበር። ክብ አረሩን ራሴ ማቅለጥ ፈልጌያለሁ። ሞልዱ (እርሳሱ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) የሊ ኩባንያ ይሻላል ወይስ የሊማን? በርሜሉንስ በምን ቡናማ ላድርገው? የአጋዘን ወቅት ሳይደርስብኝ።

በረኸኛው፦ ሊ። አሉሚኒየም ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል፣ ኪስም አይጎዳም። የ.490 ኢንቹን ግዛ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ልክ ይገባልሃል። መጀመሪያ የሚወጡት አረሮች ይጨማደዳሉ። ሞልዱ ስላልሞቀ ነው፣ መልሰህ ድስቱ ውስጥ ጣላቸው።

የሊማን ሰው፦ ሊማን። አለቀ።

በረኸኛው፦ ምክንያት?

የሊማን ሰው፦ ከሊማን ጋር 12 ዓመቴ ነው። ከሚስቴ ጋር 9።

የተቃጠለው፦ ሞልዱን ተዉትና ስለ እርሳሱ አውሩ! አንዱ ሻጭ «ንጹህ ነው» ብሎ የሸጠልኝ የጎማ ሚዛን ቅላጭ ሆኖ አረፈው። ጠጥሮ፣ አረሩን ሳጎርሰው በርሜሉ መሃል ላይ ቆመ። መግፊያ ዘንጉን በመዶሻ ብለው ወይ ፍንክች! ቅዳሜዬ እሱን ሳወጣ አለቀ። ስደውልለት «አገፋፍህ ነው» አይለኝ መሰላችሁ?

ዲሲ 202፦ ማነው እሱ? ስም ጥራ።

የተቃጠለው፦ አልጠራም። ክስ አያምረኝም።

ዲሲ 202፦ ታዲያ ምኑን ነገርከን?

በረኸኛው፦ ሳትገዙ በጥፍር ጫሩት። ንጹህ እርሳስ ይጫራል። አንቲሞኒ የሚባል ማጠንከሪያ ካለበት እምቢ ይላል።

ጋፋት፦ ሴባስቶፖልን እንደገና ልታቀልጡ ነው እንዴ? ሆርናዲ የሚባለው ኩባንያ የተዘጋጀ 100 አረር በሳጥን ይሸጣል። ገዝቶ መተኮስ ነው።

የጓዳ እመቤት፦ በርሜል ለምትፈልገው ልጅ፣ መኪና ማጠቢያ ቤቶች ጋ ባለ 55 ጋሎኑን በርካሽ ታገኛለህ። በደንብ እጠበው ብቻ።

አዲስ አዳኝ፦ የጠመንጃ በርሜል ነው እትዬ 😂

የጓዳ እመቤት፦ ውይ፣ ለጠላ መስሎኝ።

ዝምተኛው፦ ስለ በርሜሉ ማንም አልመለሰልህም። እኔ የምጠቀመው የሎረል ማውንቴን ፎርጅን ማቅለሚያ ነው፤ ብረቱን በልኩ እያዛገ ነው ቡናማ የሚያደርገው። በርሜሉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልስ፣ አፉን ድፈን፣ ከዚያ መድኃኒቱን አንዴ በስሱ ቀባ። በተቀባው ላይ መልሰህ አትሂድበት። እርጥበት ይወዳል፤ እኔ ሻወር ቤት ነው የምሰቅለው። 3 ሰዓት ያህል ቆይተህ የወጣውን ዝገት በሻካራ ጨርቅ ፈግፍግ፣ እንደገና ቀባ። ቀለሙ ሲጥምህ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ እጠብና ዘይት ቀባው፤ ዝገቱ እዚያው ይቆማል። የበርችዉድ ኬሲው ፕለም ብራውን ይፈጥናል፣ ግን ብረቱን ውሃ ጠብ ሲልበት ችስ እስኪል ማሞቅ አለብህ። ረጅም በርሜል እኩል ማሞቅ ደግሞ ጣጣ ነው።

አንድ ነገር፦ የቀለጠ እርሳስ ውስጥ እርጥብ ቁራጭ እንዳትጨምር። አንዴ ተሳስቼ፣ ጋራዡ ጣሪያ ላይ እስከ ዛሬ ተለጥፎ አለ።

አዲስ አዳኝ፦ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ሻወር ቤቱን ግን ማዳም ምን አሉ?

ዝምተኛው፦ እሱን በውስጥ መስመር።

የሊማን ሰው፦ ሊማን ግዛ።