ክርክር፦ የእንዶድ ቴምብር ቢወጣ ማን ይሣልበት?

አወያይ፦ ለአገራችን የሳይንስ ምርምር መታሰቢያ ቴምብር ይውጣ ቢባል፣ የእንዶድ ምርምር ይገባዋል። እዚህ ላይ የተጣላ የለም። ፀቡ ሥዕሉ ላይ ነው። ምርምሩን የጀመሩት የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ፊት ይሁን፣ ተክሉ ወይስ ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች?

ቴምብር ሰብሳቢው፦ ፊት ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ከታተሙት የመጀመሪያ ቴምብሮቻችን አብዛኞቹ የምኒልክ ምስል አለባቸው። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ባለሥልጣን ለጥፈናል። አንድ ተመራማሪ ቢለጠፍ ምን ይለዋል?

የላብራቶሪዋ፦ ጋሼ፣ ታሪኩ እኮ የሚጀምረው ከሴቶቹ ነው። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እሱ ከሞተ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ደግሞ ፊት ከሆነ የምርምር ባልደረባቸው የዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስስ? «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የእ.ኤ.አ. 1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የወሰዱት አብረው ነው።

ቴምብር ሰብሳቢው፦ የለገሰን ነገር ተቀብያለሁ። ግን ልጄ፣ በእንዶድ ሲታጠብ ስንት ዘመን ሆነው? የሞተውን ቀንድ አውጣ አይቶ «ለምን?» ያለው ማን ነው?

ዲዛይነሩ፦ ቴምብር እኮ ከክብሪት ቀፎ ያነሰ ወረቀት ነው! ወንዝ፣ ሴቶች፣ ሁለት ምሁር፣ «ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ፣ ዋጋ... ሲታተም ጭቃ ነው የሚመስለው። እኔ ብሆን ሁለት እጅ ብቻ ነው የምሥለው። ነጠላ የሚያሹ እጆች፣ ወደ ታች የሚወርድ አረፋ፣ ጥግ ላይ አንድ የተገለበጠ ቀንድ አውጣ። በቃ።

ተጠራጣሪው፦ ይቅርታ፣ ዛሬ ደብዳቤ የሚልክ ማን አለ? ለቢልሃርዝያም ሐኪም ቤት የሚሰጠን ፕራዚኳንተል የሚባል ክኒን እንጂ እንዶድ አይደለም። ምኑን ነው የምናከብረው?

የላብራቶሪዋ፦ ክኒኑ ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ልጁ ነገ እዚያው ወንዝ ሲዋኝ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ዛሬም ሥራ ነው። እንዶድ ዋጋ ከሌለው ደግሞ፣ የአሜሪካው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎሎችን ለማጥፋት ብሎ ለምን ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አወጣበት? የማን ዕውቀት ነው ተብሎ ስንት ተብሏል! ለእኔ ቴምብሩ ለደብዳቤ ብቻ አይደለም። «የእኛ ነው» የሚል ማኅተም ነው።

ተጠራጣሪው፦ ፓተንትን በቴምብር? እንጃ።

አወያይ፦ እንደ ልማዳችን በተከታታይ ቢወጣስ? ሦስት ቴምብር፣ ሦስት ዋጋ።

ቴምብር ሰብሳቢው፦ ይሄ ያስማማል። ምሁራኑ ውዱ ላይ፣ ተክሉ መሐል፣ ሴቶቹ ርካሹ ላይ።

የላብራቶሪዋ፦ ጋሼ! ሴቶቹን ርካሹ ላይ?

ቴምብር ሰብሳቢው፦ ኧረ ብዙ ሰው እጅ የሚገባው እሱ ስለሆነ ነው!

ዲዛይነሩ፦ እጆቹ ካሉበት የትኛውም ዋጋ ላይ ይሁን፣ እኔ ተስማምቻለሁ።